ቦቂት ሰዎቿን ያስገባችበት ቀን

ትናንት መምህርት ትርንጎ ሕልም አየች። ያየችውም እንደ ሰው ሌሊት አልጋዋ ላይ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በመማሪያ ክፍሏ ምንጣፍ ላይ፣ ራሷ ባስተኛቻቸው ሕፃናት መካከል ነው። የቀን ሕልም ይፈታል አይፈታም የሚለውን ክርክር ለአዋቂዎቹ እንተወው። እኛን የሚመለከተን ያየችው ነገርና ስትነቃ የጠበቃት ነገር ነው።

ግን አስቀድሞ ሴትዮዋ ምን አንገብግቧት እንደተኛች ማወቅ ያስፈልጋል። ሆዱ ያልሞላ ሰው ሕልሙ ድግስ ነው፤ የትርንጎም ሕልም ከጭንቀቷ የተፈተለ ነበር።

ትርንጎ የምታስተምረው አንደኛ ክፍል ለመግባት አንድ ዓመት የቀራቸውን ሕፃናት ነው። ከእሷ በፊት የነበረው አስተማሪ ልምጭ ይዞ ከአንድ እስከ መቶ ያስዘምራቸው ነበር። ወላጆች በመስኮት ሲያልፉ ይሰሙና "የእኛ ልጆች መቶ ገቡ" እያሉ ደረታቸውን ነፍተው ይሄዱ ነበር። ትርንጎ በመጣች ሰሞን ከዘማሪዎቹ አንዱን ጠራችና "ሦስት ባቄላ ስጠኝ" አለችው። እፍኙን ሙሉ ዘግኖ ሰጣት።

"ይኼ ሦስት ነው?" አለችው።

"አዎ። ልጨምር?" አላት።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ልጆቹ ቁጥርን የሚያውቁት ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ሰውዬ ላሙን በሚያውቃት ልክ ነበር።

ልምጩን ለዘበኛው ማገዶ ሰጠችው። ከየግሮሰሪው ደጃፍ ቆርኪ ለቀመች፣ ከቤቷ ባቄላ አመጣች፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች አጥባ ደረደረች። ከዚያ በኋላ የክፍሉ ሥራ ይኸው ሆነ። ቀዩን ቆርኪ ከቀይ ጋር፣ ቢጫውን ከቢጫ ጋር መለየት። ትልልቁን ባቄላ ወዲህ፣ ትንንሹን ወዲያ ማድረግ። ለያንዳንዱ ጓደኛ አንዳንድ ቆርኪ አድሎ "ማን ቀረ?" ብሎ መፈለግ። መጀመሪያ ላይ ቆርኪ የሚጎርስ፣ ባቄላ አፍንጫው ውስጥ የሚከት አልጠፋም ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሦስት የተባለው ነገር እጃቸው ላይ ክብደት እያገኘ መጣ፤ ሦስት ባቄላ ሲባሉ ሦስት ባቄላ ይሰጡ ጀመር። ትርንጎ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሏት አያውቅም።

ደስታዋን ያደፈረሰባት አንዲት ጎበዝ ተማሪዋ ናት። ስሟ ማስተዋል ይባላል። አባቷ አቶ ሽባባው ከብታቸው የበዛ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ሲሆኑ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበርም ናቸው። ከብታቸው ስንት ነው ቢባል መልስ የለም። በዚያ አገር ከብትና ልጅ አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ይጎድላል፣ ዓይን ይገባበታል። "ስንት ከብት አለዎት?" ያላቸው ባለጌ ቢገኝ "እሱ የሰጠኝን ያህል" ይሉታል። ልጅ እንኳ ቢሏቸው፣ ያለቻቸው በስተርጅና ያገኟት አንዷ ማስተዋል ብቻ ሆና ሳለ፣ መልሳቸው "እሱ ያወቀው ነው" የሚል ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ከብቶቹ ከመስክ ሲገቡ፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ፣ ማስተዋል በረቱ በር ላይ ድንጋይ ላይ ወጥታ ቆመች። "ቀያዮቹ አምስት ናቸው" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ጥቁሮቹ አራት። ዝንጉርጉሮቹ ሁለት። ቦቂት ግን ግንባሯ ነጭ ስለሆነ ለብቻዋ ናት።" አባቷ በእንግዳው ፊት ልብሳቸው የወለቀ ያህል አፈሩ። ሳምንት ሳይሞላ ቦቂት መኖ ዘጋች፣ ወተቷም ነጠፈ። ሌላ ማስረጃ የፈለገ የለም። ማስተዋል ከትምህርት ቤት ቀረች። ሌሎቹም ወላጆች "ነገ የእኔዋ ተነስታ የእኔን ብትቆጥርብኝስ" ይሉ ጀመር።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ልየው ነገር የማይወዱ፣ አረንጓዴ ኮታቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። ትርንጎን ጠርተው "ኮሚቴው ነገ ከቀትር በኋላ ይሰበሰባል" አሏት። "ሽማግሌዎቹ 'ይቅር' ካሉ ቆርኪሽንም ባቄላሽንም ትሰበስቢያለሽ። ክፍሉን ልምጭ ለሚይዝ ሰው እንሰጠዋለን። እኔ ከአገር ልማድ ጋር አልጋፋም።"

ስለዚህ ሌሊቱን ዓይኗ ሳይከደን ነጋ። ቀትር ላይ ሕፃናቱን ለዕረፍት ስታስተኛ "እስኪ ጎኔን ላሳርፍ" ብላ አብራቸው ጋደም አለች። ማረፍ እቴ፤ ጭልጥ አለች።

በሕልሟ የክፍሉን በር ከፈተች። ከግድግዳው ሥር ከአንድ እስከ መቶ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ተኮልኩለው ፀሐይ ይሞቃሉ። አደባባይ ላይ ቀጣሪ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች ይመስላሉ። ሰባት ቁጥር እግሩን ዘርግቶ ያዛጋል። ሠላሳ አራት ደግሞ ባዶ ጣሳ ይዞ ይለምናል። ዘጠና ዘጠኝ ባርኔጣ ደፍቷል፤ ከባርኔጣው ሥር ግን ራስ የለውም።

"ምን ሆናችሁ?" አለቻቸው።

"ከልጅ አፍ ወጥተን ሜዳ ላይ ቀረን" አለ ሰባት። "የምንይዘው ነገር የለንም። አንድ ነገር ካለሽ ስጪኝና ልያዘው።"

"አንድ ነገር ምን ያደርግልሃል? አንተ ሰባት ነህ።"

"እሱንም ካንቺ ሰማሁ" አለና አቀረቀረ።

በዚህ መካከል ደወሉ ተደወለ። የትምህርት ቤቱ ደወል የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው በብረት ይመታዋል። አሁን ግን ዘበኛው ተሰቅሎ ቸርኬው ብረት ይዞ ይመታዋል፤ ዘበኛውም በየምቱ "ቋ፣ ቋ" ይላል። ፊቱ ላይ ቅሬታ አይታይም፤ እንዲያውም ድምፁ በጣም የጠራ ነበር።

ተማሪዎቹ ተሰልፈው ገቡ። ሁሉም ጥጆች ናቸው። አንገታቸው ላይ መሐረብ ታስሮላቸዋል፣ የምሳ ዕቃቸው ጭድ ሞልቷል። "እንደምን አደርሽ ቲቸር" አሉ፤ ዜማውን ልክ እንደ ልጆቹ አስረዘሙት። ከመካከላቸው አንዷ ቀይ ሹራብ ለብሳለች። ሹራቡን ትርንጎ ታውቀዋለች፤ የማስተዋል ነው። እንባዋ መጣ።

"መጣሽልኝ?" አለቻት።

"መምጣቱንስ መጣሁ" አለች ጥጃዋ። "ግን እናቴ ልታስቀረኝ ነው። አንቺም ተከሰሻል።"

"ማን ከሰሰኝ?"

"ላሞቹ ናቸዋ" አለች ጥጃዋ፣ ሌላ ማን ሊከስ ይችላል በሚል አነጋገር።

ሕልም አገር ቀጠሮ አይበዛም። ትርንጎ ሳታስበው መንገድ ላይ ነበረች። ላሞች ጋቢ ደርበው፣ ዱላ በትከሻቸው ጣል አድርገው ሰዎቻቸውን ወደ መስክ ይነዳሉ። "ሂድ፣ አንተ ራሰ በራ" ይላሉ፤ "ወዲህ ተመለስ፣ ጠይሙ።" አንድ አህያ ሰውዬ ላይ ተፈናጦ ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ አገኛትና ባርኔጣውን አነሳላት። "ሰውዬዬ ዛሬ ለገመብኝ" አላት። "ማታ እንጀራ አብዝቼበት ነው። ጥጋብ አይችልም።"

መንገዱ ገበያውን ያቋርጣል። እዚያ ቲማቲሞች ከለላ ዘርግተው ቁጭ ብለዋል፤ ሰው በመደብ በመደብ ከምረው ይሸጣሉ። እንደ ቲማቲም ሻጭ ወግ ወዝ ያለውንና ትልልቁን ከላይ፣ የተጨማደደውን ከሥር አድርገዋል። ከአንዱ መደብ ሥር አቶ ልየው አንገታቸውን አሰገጉ።

"መምህርት ትርንጎ፣ እኔን ከእነዚህ ጋር ምን ደባለቀኝ?" አሉ።

"ምን ያመሳስላችኋል? አይተው ይንገሩኝ" አለች። በክፍል የለመደባት ጥያቄ ነው፤ በሕልሟም አልተዋትም።

አቶ ልየው ግራ ቀኝ ተመለከቱ፣ የጎረቤታቸውን ክርን ገፋ አድርገው አሰቡ። "ሁላችንም ከሥር ነን" አሉ።

"ጎበዝ" አለች ትርንጎ። አቶ ልየው እንደ ሕፃን ፈገግ አሉ። ከላይ የተቀመጡት ወዛሞች ግን ቅር አላቸው።

ከገበያው ወዲያ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ ከዋንዛው ሥር ችሎት ተቀምጧል። በመካከል ቡላ የተባለው ሽማግሌ በሬ ነጠላውን አጣፍቶ ያመሰኳል። ጎን ለጎን ላሞች በየደረጃቸው ተቀምጠዋል። ልምጩም መጥቷል፤ ከግንዱ ተደግፎ እንደ ሹመት ፈላጊ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከሳሿ ቦቂት ተነሳች። ነጩ ግንባሯ በእንባዋ ርሷል።

"ጌቶቼ" አለች ቦቂት፣ "ሰው እንደማይቆጠር ከጥንት ከእናት ከአባቶቻችን ሰምተናል። ይህች መምህር ልጄን ምን አስተማረችብኝ? ሰዎቼ ከመስክ ሲገቡ፣ እንግዳ ላም ቤቴ ተቀምጣ ሳለች፣ ልጄ በሩ ላይ ወጥታ 'ጠይሞቹ ይህን ያህል፣ ራሰ በራዎቹ ይህን ያህል' ብላ አወጣችብኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ሸጋው ሰውዬዬ ሽባባው እህል ዘጋ። እንጀራ ሳቀርብለት አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። ጠላውን እንኳ እፍ ብሎ ተወው።"

ላሞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ ሽባባው ራሳቸው ከችካል ጋር ታስረው ከጎን ቆመዋል። "ጥርሴን አሞኝ ነው እኮ" አሉ። "ሌላ ምንም አልሆንኩም፣ ጥርሴን ነው።"

"ሰውዬው ጮኸ" አለ ቡላ። "ውኃ ጠምቶት ይሆናል፤ አጠጡት።"

አጠጧቸው። ጥርሳቸውን ያየላቸው ግን አልነበረም።

"ለመሆኑ ሰው ይቆጠራል?" ሲል ቡላ ጉባኤውን ጠየቀ።

"አይቆጠርም" አሉ ላሞቹ በአንድ ድምፅ።

"ሰማሽ፣ መምህር። ምን መልስ አለሽ?"

ትርንጎ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራት። ስንት ሌሊት ስትሰድረው የከረመችው መልስ ነው። አፏን ስትከፍት ግን ቃሉ ቀርቶ አንዲት ባቄላ ወጥታ እግሯ ሥር ወደቀች። ደግማ ብትሞክር ሁለተኛ ባቄላ። ደነገጠች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ከኋላ አንዲት አሮጊት ላም "ነገር ከሚያበዛ ባቄላ የሚያበዛ ይሻላል" ስትል ተሰማች።

"ዝም አለች ብላችሁ መዝግቡ" አለ ቡላ። "ሰዎቹን አሁን ወደ መስክ አውጡ። ተመልሰው ሲገቡ ፍርዱን እናሰማለን። ከተፈረደባት የጥጆቹ ክፍል ይዘጋል፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚያስተምራቸውም ልምጩ ነው።" ልምጩ እጅ ነሳ። ቀይ ሹራብ የለበሰችው ጥጃ ትርንጎን ተጠግታ ቆመች። ትርንጎ ስለራሷ መፍራቱን ትታ ስለ ጥጃዋ ፈራች።

የቦቂት ሰዎች ከበረቱ መውጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሲያልፍ ትርንጎ ጥጃዋን "አይዞሽ" ልትላት ፈልጋ አፏን ከፈተች። ባቄላ ወጣች። ጥጃዋ ባቄላዋን አየች፣ የሚሄደውን ሰውዬ አየች፣ ከዚያ የምሳ ዕቃዋን ጭድ ደፍታ ባቄላዋን ውስጡ ጣለቻት። ሁለተኛው ሰው አለፈ፤ ትርንጎ "አይዞሽ" አለች፤ ሁለተኛ ባቄላ ገባች። ሦስተኛው፣ አራተኛው እንደዚያው። ሰው ወጣ፣ ባቄላ ገባች። አንድም ቁጥር ከማንም አፍ አልወጣም። ላሞቹ ይህን እያዩ ጥፋት መሆን አለመሆኑን መለየት ስላቃታቸው አመሰኩ። መጨረሻ ላይ አቶ ሽባባው ጉንጫቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡና የእሳቸውም ባቄላ ገባች።

ፀሐይዋ "ለዛሬ ይበቃኛል" ብላ ወረደች። ሰዎቹም ከመስክ ተመለሱ። ሆዳቸው ሞልቷል፣ እግራቸው አቧራ ለብሷል፣ እየተጋፉ ገቡ። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ጥጃዋ አንዲት ባቄላ እያወጣች ትበላለች። ግፊያው ሲያበቃ ቦቂት እንደ ዘወትሯ በረቱን በዓይኗ ገረፍ አደረገች። "ሁሉም ገብቷል፤ እሱ ይመስገን" አለችና መዝጊያውን ገፋች።

ጥጃዋ የምሳ ዕቃውን ነቀነቀች። ኳ አለ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ቦቂት።

"አንዲት ባቄላ ተርፋለች፣ እማ።"

"ታዲያ ብያት።"

"አልበላትም" አለች ጥጃዋ። "ይቺ ሰው አላት።"

ዋንዛው ሥር ማመስኳቱ ቆመ። ቦቂት መዝጊያውን ለቀቀች። ሰዎቿ መካከል ገብታ እያንዳንዱን አሸተተች። ራሰ በራው አለ። ጠይሙ አለ። ያ ሳል የማይለየውም አለ። ዞራ ዞራ ተመለሰች። "ሽባባው" አለች። "ሽባባዬ የለም።"

እንግዲያማ አገር ተነቃነቀ። ላሙ፣ በሬው፣ አህያው ከነሰውዬው፣ ቲማቲሞቹም እየተንከባለሉ ወደ መስክ ወረዱ። አቶ ሽባባው ከሸለቆው ሥር እግራቸው ወደ ላይ ሆኖ ተገኙ። አጠገባቸው ጅብ ጥላ ዘርግቶላቸው ቆሟል።

"ባለቤቱ እስኪመጣ ብዬ ነው" አለ ጅቡ። "ግን ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እኔም ራሴን አላምነውም ነበር።"

ላሞቹ ጅራታቸውን ከጅራት ቋጠሩና ወደ ታች ለቀቁ። አቶ ሽባባው ጨብጠው ወጡ። ቦቂት ላሰቻቸው፤ ጋቢያቸውን፣ ጢማቸውን፣ ያበጠ ጉንጫቸውን ሁሉ ላሰች። ጉንጫቸውን ስትልስ ጮኹ። ያን ጊዜ ነው ቦቂት አፋቸውን ከፍታ ያየችው። "ለካ ጥርሱን ኖሯል" አለች፤ በጣምም አፈረች።

ቡላ ከተቀመጠበት ተነሳ። ቡላ ከተቀመጠበት ሲነሳ ያየ ትውልድ አልነበረም።

"ይህች ልጅ ሰው ቆጠረች?" አለ።

"አልቆጠረችም" አሉ ላሞቹ።

"ከመምህሯ አፍ ቁጥር ወጣ?"

"አልወጣም፤ ባቄላ ነው የወጣው።"

"ሰውዬው ጠፍቶ ቀረ?"

"አልቀረም።"

"እንግዲያው እኛ ስንከስ የዋልነው ማንን ነው?" አለ ቡላ። ልምጩ ሁኔታውን ሲያይ ሹልክ ብሎ ወደ መጣበት ዛፍ ወጣ፣ ከቅርንጫፉ ተጣበቀ፣ ወዲያውም ቅጠል አወጣ። የተሻለ ሥራ እንዳገኘ ፊቱ ይናገር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደስታ አይነገርም። ቁጥሮቹ ከግድግዳው ሥር ተነስተው እየሮጡ መጡ፤ የሚያዝ ነገር ተገኝቷልና። ለሰባት ሰባት ጥጆች ደረሱት፤ አቅፏቸው አለቀሰ። ሠላሳ አራት ልመናውን ትቶ ሠላሳ አራት ቲማቲም ተሸከመ፤ ቲማቲሞቹም ክብር ተሰማቸው። ዘጠና ዘጠኝ ባርኔጣው ሥር ራስ አበቀለ፤ መልኩ ቆንጆ ነበር። ላሞቹ እልል አሉ። ትርንጎን በቀንዳቸው መካከል ገለባ ጎዝጉዘው አነሷት፣ ጥጃዋንም ከጎኗ አስቀመጧት። የትርንጎ አፍ ተፈታ። "ማስተዋል የእኔ ተማሪ ናት" ብላ ከላይ ሆና ለአገር ሁሉ ተናገረች። ሸለቆው "ናት፣ ናት" እያለ መለሰላት። እንዲህ ያለ ኩራት ኮሌጅ ስትመረቅ እንኳ አልተሰማትም።

አቶ ሽባባው ሰዉን ጥሰው ከቀንዱ ሥር ደረሱ። ገመዳቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ነው። ቀና ብለው "መምህርት" አሏት። ልትሰማቸው ጎንበስ አለች። "መምህርት" አሉ ደግመው። "አንቺ መምህርት፣ ንቂ እንጂ።"

ነቃች። አቶ ሽባባው እውነተኛው፣ ገመድ የሌላቸው፣ ከራስጌዋ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ጉንጯ ላይ ቆርኪ ተለጥፎ ነበር፤ ነቅላ ጣለችው። ስብሰባው፣ አለች በልቧ። ስብሰባው ደርሶ እኔ ተኝቻለሁ። አለቀልኝ።

ተነስታ ስትቀመጥ ያየችውን ነገር ማመን አቃታት። ክፍሏን ሊዘጉ የመጡት የኮሚቴ ሽማግሌዎች በሕፃናቱ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው ጆሯቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተኮራምተዋል። በያንዳንዳቸው ጭን ላይ የገዛ ልጃቸው ተቀምጣለች ወይም ተቀምጧል። ልጆቹ ቀድመዋት ነቅተው ኖሯል። ከእንቅልፍ ሲነሱ የዘወትር ሥራቸው ጫማውን ሁሉ ከየባለቤቱ ማዛመድ ነው። ዛሬ ጫማውን ሳይጨርሱ ወላጆች በበሩ ሲገቡ አዩና ጫማውን ትተው ወላጆቹን አዛመዱ። ማንም "አንድ፣ ሁለት" አላለም። ሽማግሌ የተባለ ሁሉ እጁን በትንንሽ ጣቶች ተይዞ ወደ ልጁ ሲወሰድ ምን ይበል።

አቶ ልየው ልጅ ስላልተገኘላቸው በቀለማቸው ተመድበዋል። አረንጓዴ ኮታቸውን እንደለበሱ ጥግ ላይ፣ ከአረንጓዴ ቆርኪዎቹ ጣሳ አጠገብ ቆመዋል። እንዳይንቀሳቀሱ የተነገራቸው ይመስላል፤ አይንቀሳቀሱም።

"እኔን ወንበር ከለከሉኝ" አሉ አቶ ሽባባው ለትርንጎ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣና ግራ መጋባት ተቀላቅሏል። "ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። ቁጭ ልበል ብል 'ቆይ' ትለኛለች ያቺ።"

ያቺ የተባለችው ባንቺአየሁ ናት፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ሥራዋን የማታቋርጥ ልጅ። ቀና ብላ አየቻቸው።

"እርስዎ የማን ነዎት?" አለቻቸው።

"እኔ የማንም አይደለሁም። አቶ ሽባባው እባላለሁ።"

"የማንም ያልሆነ እዚያ ነው የሚቆመው" አለችና ወደ አቶ ልየው ጥግ ጠቆመቻቸው።

"እንዴት የማንም አልሆንም? ልጅ አለኝ እኔ።"

"ስንት?" አለች ባንቺአየሁ።

ይህን ጥያቄ በዚያ አገር ትልቅ ሰው ትልቅ ሰውን አይጠይቅም፤ እንኳን ሕፃን ሽማግሌን። አባቶቹ ሁሉ የየልጃቸውን ራስ አየት አደረጉና ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ባንቺአየሁ ግን ምንም ክፉ ነገር አልታያትም፤ መልሱን ለመያዝ ጣቶቿን ዘርግታ ትጠብቃለች። አቶ ሽባባው "እሱ ያወቀው" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ በየጭኑ የተቀመጡትን ልጆች አንድ በአንድ አዩ። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችዋን፣ አፍንጫውን የሚጠርገውን፣ አባቷ ጢም ውስጥ ጣቷን የከተተችዋን።

"አንድ" አሉ። "አንዲት ብቻ ናት ያለችኝ።"

ባንቺአየሁ አንድ ጣቷን አስቀርታ ሌሎቹን አጠፈች። ከዚያ ክፍሉን በዓይኗ ዞረች፤ ከጫማዎቹ ረድፍ እስከ በሩ ፈለገች።

"የታለች?" አለቻቸው።

አቶ ሽባባው ዱላቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ ወጡ።

"ሊቀመንበር፣ ስብሰባውስ?" አሉ አቶ ልየው ከጥጋቸው።

ሰው ሁሉ ልጁን እንዳቀፈ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ውጭ፣ ከሠርጋቸው ወዲህ ሲሮጡ ታይተው የማያውቁት አቶ ሽባባው ጋቢያቸውን በክንዳቸው ሰብስበው ዳገቱን ወደ ቤታቸው ይሮጡ ነበር።